ስለ ወፎች ጅራት፤ ከአዲስ አበባ እስከ ጉደር ባለው መንገድ የሚታይ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ምዕራብ የሚጓዝ ሰው በሆለታ፥ በአዲስ ዓለምና በጊንጪ አልፎ አምቦ እስኪደርስ ድረስ 115 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል። በዚህ መንገድ ሄደው የተመለሱ ሰዎች አብዝተው የሚያወሩት ስለ አምቦ ፍል ውሃ፥ ስለ ጤፉና ስለ ስንዴው፥ ስለ ገበያውም ብዛት ነው። ከራሳቸው በላይ ስለሚበረውና ከመንገዱ ዳር በሣር ውስጥ ስለሚመላለሰው ወፍ የሚናገሩት ጥቂቶች ናቸው። ስለ ወፍ ጅራት የሚናገር ደግሞ ከቶ አይገኝም።

ጅራት ሲባል ለብዙ ሰው የነገር ሁሉ መጨረሻ ነው። በአነጋገራችንም ራስ የክብር፥ ጅራት የኋለኛነት ምሳሌ ሆኖ ይነገራል። በወፎች ዘንድ ግን ነገሩ እንዲህ አይደለም። ለአንዱ ወፍ ጅራቱ እንደ ጀልባ መሪ ነው፤ ለሌላው ምርኩዝ ነው፤ ለሦስተኛውም የሙሽርነት ልብስ ነው። ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀው ግን፥ ይህ ልዩ ልዩ አገልግሎት ሁሉ የተገኘው ጥንት የነበራቸው ረጅም የአጥንት ጅራት ከጠፋ በኋላ መሆኑ ነው። ስለዚህ አንባቢ ሆይ፥ ይህን መንገድ ለአንድ ጊዜ ያህል የወፎችን ጅራት እየተመለከትን እንድንሄደው እንለምንሃለን።

መንገዱን ከመጀመራችን አስቀድሞ ግን ወደ ማድ ቤት እንግባ፤ የነገሩ መነሻ ከዚያ ይገኛልና። የቤት እመቤት ለበዓል የታረደችውን ዶሮ በ12 ብልት ስትለይ፥ በጀርባ አጥንትዋ መጨረሻ ላይ ሥጋና ስብ የከበባት አንዲት ትንሽ አጥንት ታገኛለች። ያችን አጥንት አጥርቶ ለተመለከታት ሰው፥ ጐንዋ ጠፍጣፋ፥ ጫፍዋም ወደ ላይ የቀና፥ የማረሻ ብረት የምትመስል ናት። ይህችም አጥንት ከመጀመሪያ አንድ አልነበረችም፤ ለየብቻቸው የነበሩ የጅራት አጥንቶች ተጋጥመው አንድ የሆኑባት ናት። ጫጩቷ ገና በዕንቁላል ውስጥ ሳለች አጥንቶቹ ተለያይተው ይታያሉ፤ እያደገች ስትሄድ ግን ይጣበቃሉ።

የጅራት ታላላቅ ላባዎች የተተከሉት በዚህች አጥንት ግራና ቀኝ ባለው ሥጋና ስብ ውስጥ ነው። ሥጋው ሲሳብ ላባዎቹ በአንድ ጊዜ ይዘረጋሉ፤ ሲላላም ይከደናሉ፤ ይህም በበዓል ቀን ጥላ ሲከፈትና ሲዘጋ እንደምናየው ያለ ነው። አብዛኞቹ ወፎች እንዲህ ያሉ ላባዎች 12 አሏቸው፤ ዶሮ ግን ብዙውን ጊዜ 14 አላት። ከአጥንቷ በላይ ደግሞ ቅባት የምታመነጭ እጢ አለች፤ ወፍ ምንቃርዋን ከዚያ እያስነካች ላባዋን ትቀባለች። እንግዲህ በማድ ቤት እንደ ተራ ነገር የምትታየው ይህች ብልት ለወፍ ታላቅ ዕቃ ናት።

ይህች ትንሽ አጥንት የረጅም ታሪክ ቅሬታ ናት። በፈረንጅ አቈጣጠር በ1861 በጀርመን አገር፥ በባቫሪያ፥ በኖራ ድንጋይ መካከል የአንድ እንስሳ ዐፅም ተገኘ። ሊቃውንቱም አርኬዮፕቴሪክስ አሉት፤ በግሪክ ቋንቋ ጥንታዊ ክንፍ ማለት ነው። ዕድሜው 150 ሚሊዮን ዓመት ያህል ሲሆን፥ መጠኑ ቁራ ያህላል። ላባና ክንፍ አለው፤ ነገር ግን በአፉ ውስጥ ጥርስ አለው፤ ጅራቱም እንደ እንሽላሊት ጅራት ከ20 በላይ በሆኑ አጥንቶች የተቀጣጠለ ረጅም ነው። የጅራቱ ላባዎች በዚያ አጥንት ግራና ቀኝ እንደ ዘንባባ ዝንጣፊ ተሰልፈው ይታያሉ።

ከዚያ በኋላ፥ በተለይም ከ1990ዎቹ ዓመታት ጀምሮ፥ በቻይና አገር በሊያዎኒንግ 120 ሚሊዮን ዓመት ያህል ያስቈጠሩ ብዙ የወፍ ዐፅሞች ተገኙ። ከእነርሱም አንዳንዶቹ እንደ ጥንቱ ረጅም የአጥንት ጅራት አላቸው፤ ሌሎቹ ግን ጅራታቸው አጥሮ የመጨረሻዎቹ አጥንቶች ልክ እንደ ዶሮዋ ተጋጥመዋል። ጅራታቸው ካጠረው መካከል ኮንፉሺዩሶርኒስ የተባለው ወፍ አለ። ከዚህ ወገን አንዳንዶቹ ከጅራታቸው ሁለት ረጃጅም ላባዎች እንደ ጥብጣብ ወጥተውላቸው ይታያሉ፤ አንዳንዶቹ ግን ይህ ጌጥ የላቸውም። የአጥንት ጅራት ለሚበር ሰውነት ወደ ኋላ የሚጐትት ሸክም ነው፤ አጥንቱ ካጠረ በኋላ ግን ላባው ብቻውን እንደ ፈለገው ሊረዝም፥ ሊያጥር፥ ሊሰነጠቅና ሊደድር ቻለ። ዛሬ በመንገዳችን የምናያቸው ጅራቶች ሁሉ ከዚህ የመጡ ናቸው።

አሁን መንገዱን እንጀምር። ከአዲስ አበባ ወጥተን ወደ ሆለታ ስንቃረብ በስተ ግራ የወጨጫ ተራራ ይታያል፤ በእርሱም ላይ የመናገሻ ሱባ ደን አለ። ይህ ደን በ15ኛው መቶ ዓመት በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ትእዛዝ፥ ከወፍ ዋሻ በመጣ የጽድ ዘር እንደ ለማ በትውፊት ይነገራል። በዚህ በጽዱና በዝግባው መካከል ጸጥ ብሎ ለሚያዳምጥ ሰው የግንደ ቆርቁር ድምፅ ይሰማዋል። በዚህ ደን ከሚኖሩት አንዱ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ደጋ በቀር በሌላ አገር የማይገኝ ነው።

ግንደ ቆርቁር በግንድ ላይ ሲወጣ ጥፍሮቹን በቅርፊቱ ላይ ይሰካል፤ ጅራቱንም ከግንዱ ጋር ያስደግፋል። የጅራቱ ላባዎች የደደሩ ናቸውና እንደ ሦስተኛ እግር ሆነው ይሸከሙታል፤ ምንቃሩን እንደ መጥረቢያ ሲያነሣና ሲጥል ወደ ኋላ እንዳይወድቅ የሚያደርገው ይህ ምርኩዝ ነው። ወፍ ሁሉ በየጊዜው አሮጌ ላባውን አርግፎ አዲስ ያበቅላል። ግንደ ቆርቁር ግን ዋናውን ሸክም የሚችሉትን ሁለቱን የመካከል ላባዎች የሚያረግፈው ሌሎቹ በቅለው ካበቁ በኋላ ነው። ቤቱን የሚያድስ ብልህ ሰው ምሰሶውን አስቀድሞ እንደማይነቅል ማለት ነው።

ሆለታ ስንደርስ ሌላ ዐይነት ጅራት እናያለን። ሆለታ ገነት በ1927 ዓ.ም የጦር ትምህርት ቤት የተቋቋመባት ከተማ ናት። ከገበያውና ከሥጋ ቤቱ በላይ ጭልፊት ይዞራል። ጅራቱ በመጨረሻው እንደ መንታ የተከፈለ ነው። ጭልፊት ክንፉን ሳያራግብ በነፋስ ላይ ሲሳፈፍ ጅራቱን ብናስተውል፥ አንድ ጊዜ ወደ ቀኝ፥ አንድ ጊዜ ወደ ግራ ሲያጋድለው እናያለን፤ ይህም መሪው ነው። ከዚያ ከፍታ ወርዶ በጠባብ ግቢ ውስጥ ያለችውን ጫጩት ነጥቆ፥ ከአጥርና ከጣራ ጋር ሳይጋጭ የሚወጣው በዚህ መሪ ብልኀት ነው። በአናቱ ኋላ ነጭ ምልክት ያለበት ወፍራም ምንቃር ያለው የደጋችን ቁራ ደግሞ የጅራቱ መካከል ረዝሞ ዳርና ዳሩ ያጠረ፥ እንደ ሽብልቅ የሆነ ነው። ሁለቱን ከሩቅ በጅራታቸው መለየት ይቻላል፤ ይህንንም ለልጆች ማስተማር መልካም የመንገድ ጨዋታ ነው።

ከሆለታ አልፈን አዲስ ዓለም እንገባለን። ይህች ከተማ በአዲስ አበባ የማገዶ እንጨት ባነሰ ጊዜ ዐፄ ምኒልክ መናገሻቸውን ሊያዛውሩባት ያሰቡባት ናት። በኋላም ባሕር ዛፍ በአዲስ አበባ ስለ በዛ አሳቡ ቀረ፤ ለቤተ መንግሥት የተጀመረውም ሥራ ለማርያም ቤተ ክርስቲያን ሆነ። ባሕር ዛፍ ከተማችንን እንዳዳነ አንዘነጋም፤ ነገር ግን ውሃ በሚተኛበት ሜዳ ላይ ሲተከል ምን እንደሚያደርግ ኋላ ስንመለስ እንናገራለን።

ከአዲስ ዓለም ወደ ጊንጪና ወደ አምቦ ባለው አገር፥ ክረምቱ ከገባ ጀምሮ እስከ መስከረም ድረስ ረጃጅም ሣር በቆመበት ሜዳ ላይ አንድ ጥቁር ወፍ ይታያል። መጠኑ ከድንቢጥ ብዙ አይበልጥም፤ በአንገቱ ላይ ቀይ ቀለም አለው፤ ጅራቱ ግን ከቀረው አካሉ ይረዝማል። ከሣሩ በላይ ቀስ ብሎ ሲበር ያ ጅራት ከኋላው ይጐተታል። ፈረንጆች የዚህን ዐይነት ወፍ «መበለት» ይሉታል፤ ጥቁሩ ልብስ የሐዘን ልብስ ስለ መሰላቸው ነው። ነገር ግን ስሙ አይስማማውም። ጥቁሩን የለበሰው ወንዱ ነው፤ የለበሰውም ለሐዘን ሳይሆን ለሰርግ ነው። ሴቲቱ ቡናማና ዥንጕርጕር፥ ጅራትዋም አጭር ነው። የመራቢያው ወራት ካለፈ በኋላ ወንዱም ጥቁሩንና ረጅሙን ጥሎ እንደ ሴቲቱ ቡናማ ይሆናል፤ በበጋ ያየው ሰው ያው ወፍ ነው ብሎ አያምንም።

ይህ ረጅም ጅራት ለመብረር አይጠቅምም፤ ይልቁንም ይከብዳል፥ በዝናብም ይረጥባል፥ በነፋስም ይገፋል፤ ለጠላትም ያጋልጣል። እንግዲህ ስለ ምን በቀለ? ይህ ጥያቄ ቻርልስ ዳርዊን የተባለውን የእንግሊዝ ሊቅ ብዙ አስጨንቆታል። በ1860 ለአሜሪካዊው ሊቅ ለኤሳ ግሬይ በጻፈው ደብዳቤ የጣዎስን ላባ ባየ ጊዜ ሁሉ እንደሚያመው ገልጾለታል፤ ለመኖር የማይረዳ እንዲህ ያለ ጌጥ ከየት እንደ መጣ ለጊዜው አልተገለጠለትም ነበርና። በ1871 ባሳተመው መጽሐፍ ግን መልስ ሰጠ፤ ይኸውም ሴቶቹ ወፎች ከወንዶቹ መካከል ጌጡ ያማረውን ይመርጣሉ፥ የተመረጠውም ብዙ ልጆች ይወልዳል፥ ልጆቹም የአባታቸውን ጌጥ ይወርሳሉ የሚል ነው። በዘመኑ የነበሩ ብዙ ሰዎች እንስት ወፍ መርጣ ታውቃለች መባሉን አልተቀበሉትም።

ነገሩ በፈተና የታየው ከመቶ ዓመት በኋላ፥ በጎረቤታችን በኬንያ ነው። ማልተ አንደርሶን የተባለው የስዊድን ሊቅ በኪናንጎፕ ደጋ ላይ፥ ጅራቱ ግማሽ ሜትር ያህል የሚረዝመውን የዚህን ወፍ ዘመድ መረመረ። ከ36 ወንዶች የአንዳንዶቹን ጅራት ቈርጦ 14 ሳንቲ ሜትር ያህል አደረገው፤ የተቈረጠውንም በሌሎቹ ጅራት ላይ በሙጫ እየቀጠለ 25 ሳንቲ ሜትር ያህል አስረዘመላቸው። ቀሪዎቹን ደግሞ እንደ ነበሩ ተዋቸው፤ ከእነርሱም የአንዳንዶቹን ቈርጦ መልሶ ገጠመላቸው፤ ይህም መቍረጡና ማጣበቁ ብቻውን ለውጥ ያመጣ እንደ ሆነ ለመለየት ነው። በ1982 እንደ ገለጠው፥ በረዘመላቸው ወንዶች ሜዳ ላይ ከሌሎቹ የበለጡ አዳዲስ ጎጆዎች ተሠሩ። የተቈረጠባቸውም ቢሆኑ ርስታቸውን አልተነጠቁም። ስለዚህ ጅራቱ የሚያገለግለው ባላጋራን ለማስፈራራት ሳይሆን ሴቲቱን ለመማረክ እንደ ሆነ ታወቀ።

የእኛን ሜዳ የሚያስጌጠውን፥ ቀይ ዐንገት ያለውን ወፍ ደግሞ ሣራ ፕራይክና ባልንጀሮችዋ በደቡብ አፍሪካ መረመሩት፤ ሥራቸውም ከ2001 ጀምሮ ታትሟል። ሴቶቹ የሚመርጡት ረጅሙን ጅራት እንደ ሆነ፥ ቀዩ የአንገት ቀለም ግን ወንዶቹ ስለ ርስት እርስ በርሳቸው ሲከራከሩ የሚጠቅም እንደ ሆነ አገኙ። ጅራታቸው ያጠረላቸው ወንዶች በወራቱ መጨረሻ ሰውነታቸው ካልተቈረጠባቸው ይልቅ ተሽሎ ተገኘ። እንግዲህ ጅራቱ በየቀኑ ከሥጋው የሚከፈል ግብር አለበት ማለት ነው።

ለዚህም ምክንያቱን አሞጽ ዘሐቪ የተባለው የእስራኤል ሊቅ በ1975 አስረድቷል። እንደ እርሱ አሳብ ሸክሙ ራሱ ማስረጃ ነው፤ ደካማ ወፍ ይህን ሁሉ ጐትቶ፥ ምግቡንም ፈልጎ፥ ከጠላትም አምልጦ ሊኖር አይችልምና። በአገራችንም በቀድሞው ዘመን ለምድና ጎፈር የሚለበሰው በጦር ሜዳ የተሠራ ሥራ ምስክር ሆኖ ነበር እንጂ፥ ገንዘብ ያለው ሁሉ ከገበያ ገዝቶ የሚያደርገው አልነበረም። ጌጥ ዋጋ የሚኖረው የለበሰው ሰው የከፈለበት እንደ ሆነ ነው። ወፎቹ ይህን ሕግ ከእኛ በፊት ያወቁት ይመስላል።

ስለ ጣዎስም አንድ ነገር እንጨምር። ብዙ ሰው የጣዎስ ጅራት የሚለው፥ ዐይን የመሰለ ምልክት ያለበት ያ ታላቅ ላባ እውነተኛው ጅራት አይደለም፤ ከጅራቱ በላይ ከጀርባው የሚበቅል ነው። እውነተኛው ጅራት አጭርና ቡናማ ሆኖ ከኋላ ቆሞ ያንን ሁሉ ክብር ይደግፋል። በሰውም ዘንድ ከሚታየው ክብር ኋላ የማይታይ ደጋፊ እንዳለ የቤተ ሰብ አስተዳዳሪ ሁሉ ያውቃል።

ከጊንጪ ቀጥለን አምቦ እንደርሳለን። በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመነ መንግሥት ሀገረ ሕይወት ትባል የነበረችው ይህች ከተማ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,100 ሜትር ከፍታ ላይ የተቀመጠች ናት። ፍል ውሃዋ የታወቀ ነው፤ በጠርሙስ የሚሸጠውም የአምቦ ውሃ በፈረንጅ አቈጣጠር ከ1930 ጀምሮ ስምዋን ወደ ሩቅ አገር አድርሶላታል። መንገደኛ በዛፎች ጥላ ሥር ተቀምጦ ሲያርፍ፥ በአንድ ከሰዓት በኋላ ሦስት ረጃጅም ጅራቶችን ሊያይ ይችላል።

የመጀመሪያው በተከዜ ወንዝ ስም የተጠራው የአበባ ማር ጠጪ ወፍ ነው፤ ስሙንም በ1814 ስታንሊ የተባለው እንግሊዛዊ አወጣለት። ከሩቅ ጥቁር ይመስላል፤ ፀሐይ ሲያርፍበት ግን እንደ ሐር ሐምራዊ ሆኖ ያብረቀርቃል፤ ከጅራቱም መካከል ሁለት ቀጫጭን ላባዎች ረዝመው ይወጣሉ።

ሁለተኛው ጥቁርና ነጭ ልብስ፥ ቀይ ምንቃር ያለው ትንሽ ወፍ ነው። አካሉ እንደ ድንቢጥ ያነሰ ሲሆን፥ በመራቢያው ወራት ጅራቱ 20 ሳንቲ ሜትር ያህል ይረዝማል። በሴቶቹ ፊት በአየር ላይ ቆሞ ጅራቱን እያወዛወዘ ይጨፍራል፥ ሌሎችንም ወፎች ከእህል ቦታ ያባርራል። ከዚህ በቀር ግን ለልጆቹ የሚያደርገው ምንም የለም። ሴቲቱም ጎጆ አትሠራም፤ ዕንቁላልዋን ከሌሎች ትናንሽ ወፎች ጎጆ ጥላ ትሄዳለች፤ ልጅዋንም እነርሱ ያሳድጉላታል።

ሦስተኛው በቀይ ቡናማ ላባ ያጌጠ፥ ራሱ ጥቁር የሆነ፥ በዛፎች ቅርንጫፍ መካከል ዝንብ የሚያድን ወፍ ነው። ከዚህ ወገን ወንዶቹ አንዳንድ ጊዜ ነጭ ሆነው ይገኛሉ። የወንዱ ጅራት ላባዎች እንደ ጥብጣብ ተንጠልጥለው የቀረውን አካሉን ያህል ይረዝማሉ። ነገር ግን የዚህ ወፍ ጠባይ ከሁለተኛው የተለየ ነው። እንደ ሲኒ ባለችው ትንሽ ጎጆ ላይ ወንዱም ተራውን ይቀመጣል፤ ዕንቁላሉን ሲያሞቅ ያ ረጅም ጅራት ከጎጆዋ ውጭ ወደ ታች ተንጠልጥሎ ይታያል፤ ጫጩቶቹም ሲፈለፈሉ ከሚስቱ ጋር ይመግባቸዋል። የክብር ልብሱን እንደ ለበሰ በሕፃናቱ ዘንድ ይውላል። እነዚህን ሁለት ወፎች በአንድ ግቢ ውስጥ ያየ አባት፥ ጌጥና አባትነት ተለያይተውም ተባብረውም ሊገኙ እንደሚችሉ ይማራል፤ የትኛውን መምሰል እንደሚሻልም ራሱ ይፍረድ።

ከአምቦ ወደ ምዕራብ 12 ኪሎ ሜትር ያህል ሲኬድ ጉደር ይገኛል፤ ወንዙም ወደ ዐባይ የሚወርድ ነው። በመስከረምና በጥቅምት በወንዙ ላይ ከአውሮፓ የሚመጡ፥ ጅራታቸው እንደ መቀስ የተከፈለ ትናንሽ ወፎች ዝንብ እያደኑ ይመላለሳሉ። የእነዚህ ጅራት መሪም ጌጥም ነው፤ ስለዚህ በመጠን ተወስኗል። አንደርስ ሙለር የተባለው ሊቅ በዴንማርክ አገር የወንዶቹን ጅራት በ2 ሳንቲ ሜትር ብቻ ቢያስረዝምላቸው ከሌሎቹ ፈጥነው ሚስት እንዳገኙ በ1988 አስታውቋል። የጥቁሩ ወፍ ልብስ ለአንድ ወራት ነው፤ እነዚህ ግን በዚያው ጅራት ብዙ ሺሕ ኪሎ ሜትር መጓዝ አለባቸውና እጅግ ማስረዘም አይችሉም።

አሁን ወደ አዲስ አበባ ስንመለስ፥ አስቀድመን የተውነውን ነገር እናንሣ። ከአዲስ ዓለም በስተ ሰሜን የበርጋ ወንዝ በክረምት የሚያጥለቀልቀው ሰፊ ሜዳ አለ። በዚህ ሜዳ፥ በሐምሌና በነሐሴ፥ በውሃና በሣር መካከል አንዲት ትንሽ ወፍ ትራባለች። ከምንቃርዋ እስከ ጅራትዋ 14 ሳንቲ ሜትር ያህል ብትሆን ነው። ክንፍዋን ስትዘረጋ ነጭ ምልክት ይታይባታል። ጅራትዋ አጭር፥ ለስላሳና የተፈታ ነው፤ እንደ ግንደ ቆርቁር ምርኩዝ አይሆናትም፥ እንደ ጭልፊትም መሪ አይሆናትም፥ እንደ ጥቁሩም ወፍ ጌጥ አይሆናትም። ከሣር በታች እንደ አይጥ ተደብቃ ለምትሮጥ ወፍ ረጅም ጅራት ምን ያደርግላታል? የድብቅነት ኑሮዋ ጅራትዋን ወደ ትንሽነት መልሶታል።

ይህች ወፍ ዘወትር የምትታወቀው በሁለት አገር ብቻ ነው፤ በኢትዮጵያና በደቡብ አፍሪካ። በደቡብ አፍሪካ መራባትዋ የተረጋገጠው በ2018 ነው። ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት በ2013 ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት መካከል ቈጥሯታል፤ በዓለም ያሉት ለመራባት የደረሱትም ከ250 እንደሚያንሱ ይገመታል። ምክንያቱም ሜዳው እያለቀ መሄዱ ነው። ውሃው በቦይ ሲፈስስ፥ ሣሩ ገና ሳይደርስ ከብት ሲሰማራበት፥ ሜዳው ሲታረስ ወይም ባሕር ዛፍ ሲተከልበትና ውሃውን ሲጠጣው፥ ይህች ወፍ የምትሄድበት ሌላ ስፍራ የላትም። በበርጋ አገሬው ራሱ ወፊቱን የሚጠብቅ ማኅበር አቋቁሟል፤ የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበርም ረድቷቸዋል።

ረጅም ጅራት ያለው ጥቁር ወፍም ቢሆን ከዚህ ነገር ነጻ አይደለም። እርሱ እንደ እርስዋ ለመጥፋት አልተቃረበም፤ ነገር ግን ያ ሁሉ ጌጥ የሚታየው ረጅም ሣር በቆመበት ሜዳ ላይ ነው፤ ሴቲቱም ጎጆዋን የምትሠራው በዚያው ሣር ውስጥ ነው። ሣሩ ከሌለ ጭፈራው በማን ፊት ይሆናል? 150 ሚሊዮን ዓመት የፈጀ ነገር በአንድ የበጋ ቦይ ሊቋረጥ ይችላል።

ስለዚህ በምዕራብ ሸዋ ርስት ያለው፥ ወይም ስለ መሬት የመወሰን ሥልጣን ያለው አንባቢ፥ ከእርሻው አጠገብ ያለውን ረግረግ ሜዳ እንደ ባዶ ቦታ አይቍጠረው። ሣሩ ይታጨድ፤ ነገር ግን ጫጩቶቹ ከበረሩ በኋላ ይሁን። ባሕር ዛፍም ይተከል፤ ነገር ግን በኮረብታው ላይ እንጂ ውሃ በሚተኛበት አይሁን። ከብቱም ይሰማራ፤ ነገር ግን የክረምቱ ወራት እስኪያልፍ ጥቂት ይታገሡት። ለዚህ ሁሉ የሚጠይቀው ገንዘብ ሳይሆን ትዕግሥት ነው። እናቶችና አባቶችም ወደ አምቦ ሲሄዱ ልጆቻቸውን በመስኮት በኩል ያሳዩአቸው፤ ይህ መሪ ነው፥ ይህ ምርኩዝ ነው፥ ይህ የሙሽራ ልብስ ነው ይበሏቸው። በበዓሉም ቀን ያችን ማረሻ መሳይ አጥንት ከወጡ አውጥተው በእጃቸው ቢሰጧቸው፥ ከየትኛውም መጽሐፍ ይልቅ ትረዳቸዋለች።